በመስኮት የሚያልፈው ገመድ

ወንዳፍራሽ የሞተው ከቤቱ ጀርባ ባሠራት ትንሽ ክፍል ውስጥ፣ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ነው። ጋቢውን እስከ አገጩ ተከናንቦ፣ ላፕቶፑ ፊት ለፊቱ እንደተከፈተ፣ እግሩ ሥር ያለው የከሰል ምድጃ አመድ ሆኖ አገኙት። አስከሬኑን የመረመሩት ሐኪሞች የከሰል ጭስ እንዳፈነው ጻፉ። የሱሉልታ የታኅሣሥ ብርድ ከሰል ሳያስገቡ የሚያሳድር አይደለም፤ እንዲህ ያለ ሞትም በየዓመቱ ይሰማል። ስለዚህ ብዙ የጠየቀ ሰው አልነበረም። ተቀበረ፤ ድንኳን ተጣለ፤ ለቅሶኛው እየገባ «እግዚአብሔር ያጥናሽ» እያለ ይወጣ ጀመር።

ሚስቱ እናትነሽ አላለቀሰችም። ሌላው ሲያለቅስ ቁጭ ብላ ታያለች። ከጎረቤቶቿ አንዷ «ደንዝዛለች» ስትል ሰማች፤ ሌላዋ ደግሞ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ የባሰ ነገር ስትል ሰማች። የሁለቱም ንግግር አልነካትም። ጭኗ ላይ ያረፈውን እጇን ስታየው የማታውቀው ሰው እጅ ይመስላት ነበር።

ኢንስፔክተር ሬሐና የመጣችው በቀብሩ ማግስት ነው። ቀጠን ያለች፣ ሻሿን ጠበቅ አድርጋ ያሰረች፣ ከመናገሯ በፊት ወንበሯን ወደ ሰው የምታስጠጋ ሴት ነች።

«መዝገቡን ከመዝጋቴ በፊት ቤቱን ልየው ብዬ ነው» አለች።

«ከሰሉን ያስገባሁለት እኔ ነኝ» አለች እናትነሽ፣ ገና ሳትጠየቅ። «ሌላውን እንደፈለጉ ይጠይቁኝ። ይሄን ግን ይጻፉት።»

ሬሐና አልጻፈችም። «ሁልጊዜ ያስገቡለት ነበር?»

«ብርድ ሲሆን አዎ። ወገቡን ያመዋል። ቴሌስኮፑን ከኮምፒውተር ጋር ያገናኘውም ለዚሁ ነው፤ ውጭ ቆሞ በእጁ ማዞር አቅቶት። ውስጥ ቁጭ ብሎ ላፕቶፑ ላይ የፈለገውን ኮከብ ሲነካ፣ ውጭ ያለው ሞተር ቴሌስኮፑን ወደዚያው ያዞርለታል።»

«ከሰል ባለበት ክፍል መስኮት ይዘጋል?»

«አይዘጋም። ገመዱ በመስኮቱ ነው የሚያልፈው። ዝናብ እንዳይነካው በጎማ ቱቦ የተሸፈነ ነው፤ ወፍራም ነው። ስለዚህ መስኮቱ ከፈት እንዳለ ያድራል። አየር አለ ብዬ እኮ ነው ከሰሉን የማስገባው። ጠዋት ግን ተዘግቶ ነበር። በርዶት ዘግቶታል መሰለኝ።»

ድምፅዋ አልተሰበረም። ጎረቤት ቤት ስለደረሰ ነገር የምታወራ ይመስል ነበር።

«ገመዱን ከቴሌስኮፑ ጋር የሚሰካው ማን ነው?»

«እኔ። እሱ ማጎንበስ አይችልም። ጨለማም ቢሆን በእጄ ዳስሼ እሰካዋለሁ፤ ታችኛው ቀዳዳ ላይ። ያን ቀንም ሰክቼለት፣ ከሰሉን አስገብቼለት ነው የተኛሁት።»

«በግቢው ውስጥ ማን ማን ነበር?»

እናትነሽ ነገረቻት። ታናሽ ወንድሟ ኤርምያስ ነበር፤ መሐንዲስ ነው፣ ከፉሪ መጥቶ እንግዳ ክፍል አድሯል። ገመዱን የሠራው ሰላሃዲን ከሰዓት በኋላ መጥቶ ነበር፤ ቡራዩ የኤሌክትሮኒክስ መጠገኛ ሱቅ አለው፣ ሳይመሽ ሄዷል። ሌላው የግቢው ዘበኛ ኦቦ ዲሪርሳ ናቸው። ከነዚህ በቀር ማንም አልነበረም።

«ይምጡ፤ አብረን እንያቸው» አለች ሬሐና። እናትነሽ ተከተለቻት። ተቀመጪ ብትባልም ትቀመጥ ነበር።

ኦቦ ዲሪርሳ በር ላይ ካለች መጠለያቸው ውጭ ቆመው ነበር። ሬሐና «አካም ቡልተን፣ ኦቦ ዲሪርሳ» ብላ በኦሮምኛ ሰላም አለቻቸው። «ነጋ፣ ገለተ ረቢ» ብለው ፈጣሪያቸውን አመሰገኑና ኮፍያቸውን አወለቁ።

«ያገኙት አንቱ ነዎት አሉ።»

«እኔ ነኝ፣ ልጄ። ጠዋት ጠዋት ስዞር መብራቱን አየሁ። መስታወቱ አልቦት ውስጡ አይታይም። ብጠራቸው ዝም። በሩን ብከፍት ሙቀቱ ወደ ኋላ መለሰኝ።»

«መስኮቱስ?»

«ጥርቅም ብሎ ተዘግቷል። ስጮህ ኢንጂነሩ ሮጠው መጡና ‹አየር፣ አየር› እያሉ ከውስጥ ገፍተው ከፈቱት። እኔና ጎረቤቶች ጋሽ ወንዳፍራሽን ተሸክመን ወደ ትልቁ ቤት ሄድን። ኢንጂነሩ እዚያው ቀሩ።»

«ሰላሃዲን ሲወጣ አይተውታል?»

«በሩን ከኋላው የቆለፍኩት እኔ ነኝ። እስኪነጋ አልተከፈተም።»

ኤርምያስ ሳሎን ውስጥ ለቅሶኛ ያስተናግድ ነበር። ዓይኑ አብጧል፤ ከቀብር ጀምሮ ቁጭ አላለም። ሬሐናን ሲያይ ትሪውን አስቀመጠ።

«እህቴን በዚህ ነገር ባታደክሟት ጥሩ ነው» አለ። «ጥፋቱ የማንም አይደለም። በረደው፣ መስኮቱን ዘጋ፣ አለቀ።»

«እርስዎ ሲገቡ ገመዱ የት ነበር?»

«ቦታው ነዋ። ከቴሌስኮፑ ወደ ላፕቶፑ፣ እንደ ሁልጊዜው። ማንም የነካው ነገር የለም። ፖሊስ መጥቶ ክፍሉን እስኪያሽግ አጠገቡ ቆሜ ነበር።»

«ገመዱን ሰክተውለት ያውቃሉ?»

«እኔ የኮከብ ትዕግሥት የለኝም። የእሱና የእሷ ነገር ነው።»

«በዚያ ሰሞን ተጣልታችሁ ነበር?»

«እኔና ወንዴ? ምን ያጣላናል» አለና ትሪውን አነሣ።

እናትነሽ ወንድሟን ከጎኑ አየችው። ሸሚዙ መተኮስ ነበረበት። ስለ ሸሚዙ ማሰቧ ራሷን ገረማት።

ሰላሃዲን ተጠርቶ ከቡራዩ ሲደርስ እኩለ ቀን ሆኗል። ገና ወጣት ነው፤ የመፍቻ ቦርሳውን ደረቱ ላይ አቅፎ መጣ፤ እናትነሽን ሲያይ «እትዬ» ብሎ አንገቱን ደፋ። ሬሐና ማሸጊያውን ቀድዳ በሩን ከፈተች። ምድጃው እዚያው ነበር። ገመዱ ከላፕቶፑ ተነሥቶ፣ በተከፈተው መስኮት ወጥቶ፣ ውጭ በሲሚንቶ ምሰሶ ላይ ወደተተከለው ቴሌስኮፕ ይሄዳል። ቴሌስኮፑ ፖሊስ ባለበሰው ፕላስቲክ ተሸፍኗል።

«እስቲ አንቀሳቅሰው» አለችው።

ሰላሃዲን ላፕቶፑን ከመብራት ሰክቶ ተቀመጠ። ነካካው። መልሶ ነካካው። «ሞተሩን አያየውም» አለ። ወጥቶ ፕላስቲኩን ገለጠና ምሰሶው ሥር ቁጢጥ አለ። ብዙ ቆየ።

«ማን ነው እንዲህ የሰካው?» አለ በመጨረሻ።

«ምን ሆነ?»

«ሞተሩ ሁለት መሳይ ቀዳዳዎች አሉት። የኮምፒውተሩ ታችኛው ነው። ላይኛው የካሜራ ነው፤ እኛ ተጠቅመንበት አናውቅም። ገመዱ አሁን ያለው ላይኛው ላይ ነው። እዚህ ከተሰካ ለጌጥ ነው፤ ምንም አይሠራም።» ወደ እናትነሽ ቀና አለ። «እርስዎ እንዲህ አይሰኩም፣ እትዬ።»

«አልሰካም» አለች።

ነቅሎ ታችኛው ላይ ሰካውና ገብቶ አንድ ነገር ተጫነ። ሞተሩ እንደ ንብ እምም አለ፤ ቴሌስኮፑ ቀስ ብሎ ዞረ። እናትነሽ ያንን ድምፅ ከአልጋዋ ሆና ስትሰማው ኖራለች። ሲሰማት ባሏ ነቅቶ እንዳለ ታውቅና ትተኛለች። አሁን ድምፁ ቆመ። እሷም ቆማ ቀረች።

ሬሐና ሰላሃዲንን ወደ ጥግ ወሰደችው። «ያን ቀን ስትመጣ ጠብ ነገር ሰምተሃል?»

ሰላሃዲን ወደ ትልቁ ቤት አየ። «ጠብ አልለውም። ጋሽ ወንዳፍራሽና ኢንጂነሩ እዚህ ክፍል ውስጥ ነበሩ። ጋሼ፣ ‹ልጁ እናት አለው፤ እንዴት እንደሞተ ማወቅ አለባት› ሲለው ሰማሁ። ኢንጂነሩ ‹እባክህ› ይለው ነበር። ስገባ ዝም አሉ።»

«የቱ ልጅ?»

«አላውቅም።»

«እኔ አውቃለሁ» አለች እናትነሽ። «ሰበታ ይሠሩት የነበረው ሕንፃ ላይ አንድ የቀን ሠራተኛ መብራት ይዞት ሞቷል። ሽቦውን የዘረጋው ባሌ ነው፤ መሐንዲሱ ኤርምያስ ነበር። ልጁ ራሱ ባልተፈቀደለት ቦታ ገብቶ ሽቦ ነካ ተብሎ ነው የተዘጋው። ወንዳፍራሽ ከዚያ ወዲህ ምግብ አይበላለትም ነበር።»

ይህን ስትናገር ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ገባት። እንደ ሩቅ መኪና ነበር፤ መብራቱ ይታያል፣ ድምፁ ገና አልደረሰም።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሬሐና ሁሉንም ትንሿ ክፍል ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ኦቦ ዲሪርሳ በሩ አጠገብ፣ ሰላሃዲን ግድግዳውን ተደግፎ፣ እናትነሽ ከምድጃው ራቅ ብላ፣ ኤርምያስ መሐል ላይ ቆሙ። ሁለት ፖሊሶች ከደጅ ነበሩ።

«ኢንጂነር፣ እስቲ መስኮቱን ይዝጉልኝ» አለች ሬሐና።

ኤርምያስ እጁን ዘርግቶ ወደ ውጭ የሚከፈተውን የብረት መስኮት ሳበ። ብረቱ ቱቦውን ነክሶ ቆመ። አጥብቆ ሳበው፤ እጅ የሚያስገባ ክፍተት ቀረ።

«አይዘጋም» አለ።

«አይዘጋም። ያን ዕለት ጠዋት ግን ተዘግቶ ነበር፤ ኦቦ ዲሪርሳ አይተዋል። መስኮቱ ተዘግቶ ከነበረ ገመዱ በመስኮቱ አላለፈም። ገመዱ ቦታው ከነበረ መስኮቱ አልተዘጋም። እርስዎ ግን ሁለቱንም ነገሩኝ።»

«ራሱ ነቅሎት ይሆናላ። በረደው፣ ወጥቶ ነቀለው፣ ዘጋ።»

«ወገቡ አይታጠፍም፤ ይሁን፣ ነቀለው እንበል። ታዲያ ማን መልሶ ሰካው? ክፍሉ ሲታሸግ ገመዱ ተሰክቶ ነበር።»

ኤርምያስ መስኮቱን ለቀቀ።

«የሰካው ሰው፣ ሟቹ ከሞቱ በኋላ ነው የሰካው» ስትል ቀጠለች፣ ድምፅዋን ሳታነሣ። «ተቻኩሎ፣ የማይሆን ቀዳዳ ላይ ሰካው። ሰላሃዲን ገመዱን የሠራው ራሱ ነው፤ አይሳሳትም፤ ደግሞም ማታ ከበሩ ውጭ ነበር። እትዬ እናትነሽ ዓይናቸውን ጨፍነው የሚሰኩት ነገር ነው። ኦቦ ዲሪርሳ አስከሬን ተሸክመው ሄደዋል። እዚህ ብቻውን የቀረው አንድ ሰው ነው፤ እሱም ገመዱን በሕይወቱ ሰክቶ አያውቅም።»

«ለምን እሰካዋለሁ?»

«ተነቅሎ ቢገኝ ‹ማን ነቀለው› ይባላል። ከገመዱ ወደ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ ወደ እርስዎ ይደረሳል። ቦታው ከተገኘ ግን የሚጠየቅ ነገር የለም። ሁሉም ነገር ከሰሉን ባስገባችው እህትዎ ላይ ይቀራል።» ወደ መስኮቱ አመለከተች። «ማታ ከእንግዳ ክፍል ወጡ። በመስኮቱ ሲያዩ ሟቹ ጋቢያቸውን ለብሰው አሸልበዋል፤ ፍሙ ቀይ ነው። ገመዱን ከሞተሩ ነቀሉ፣ ወደ ውስጥ ጣሉት፣ መስኮቱን ከውጭ ገፉት። ሌላ ምንም ማድረግ አላስፈለገዎትም።»

ኦቦ ዲሪርሳ ኮፍያቸውን በእጃቸው አዞሩ። ሰላሃዲን መሬት መሬቱን ያያል።

«መስኮት ነው የዘጋሁት» አለ ኤርምያስ። ፊቱ ላይ ምንም አልነበረም። «በእጄ አልነካሁትም። መብራቱን እንዲለቁት ያዘዝኩት እኔ ነኝ፤ ልጁ እላይ መኖሩን አላየሁም። ወንዴ ሰኞ ለልጁ እናት ሊነግራት ነበር። ለመንኩት። አንተም አብረኸኝ ና ነው ያለኝ። ልለምነው ደግሜ ወጣሁ፤ ተኝቶ አገኘሁት።»

«ቆመህ አየኸው?» አለች እናትነሽ።

ወንድሟ ለመጀመሪያ ጊዜ ዞሮ አያት። «አላየሁትም። ተመልሼ ተኛሁ።»

«እንቅልፍ ወሰደህ?»

«ወሰደኝ» አለ።

ሌላ አልጠየቀችውም። ፖሊሶቹ በጓሮ በኩል ይዘውት ወጡ፤ ለቅሶኛው አላየም። ሬሐና እናትነሽ አጠገብ ቆየች።

«ከሰሉ አልገደላቸውም» አለቻት። «መስኮቱ እንደተከፈተ ቢያድር ኖሮ ጠዋት ይነቁ ነበር። ይሄንን መዝገቡ ላይ እጽፈዋለሁ።»

እናትነሽ ቅልል እንዲላት ጠበቀች። አልቀለላትም፤ አልከበዳትም። «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ወጣች።

እናቷ ድንኳኑ ውስጥ ፍራሽ ላይ ተቀምጠው፣ ከፉሪ አብረዋቸው ከመጡ ሴቶች ጋር ዝግ ባለ ድምፅ ያወራሉ። እናትነሽን ሲያዩ ቦታ ለቀቁላት።

«ኤርምያስ የት ሄደ? ምሳ እኮ አልቀመሰም» አሉ።

እናትነሽ ሴቶቹን ለትንሽ ጊዜ እንዲተዉአቸው ለመነቻቸው። ከዚያ እናቷን በእጃቸው ይዛ ከመጀመሪያው ጀምራ ነገረቻቸው፤ ስለ ሰበታው ልጅ፣ ስለ ገመዱ፣ ስለ መስኮቱ። አንዲት ቃል አልዘለለችም። አሮጊቷ አልጮኹም፤ ደረታቸውንም አልመቱም። ነጠላቸውን እየጠቀለሉ እየፈቱ፣ የድንኳኑን ምሰሶ እያዩ ሰሟት። ከውጭ ሰዎች እየገቡ፣ ሁለቱ ሴቶች የተቀመጡበትን እያዩ፣ ራቅ ብለው ይቀመጡ ነበር።

እናቷ በመጨረሻ የነጠላቸውን ጫፍ ለቀቁ።

«ስንቅ የሚያስገቡት ጠዋት ነው ማታ?» አሉ።

«አላውቅም፣ እማዬ» አለች እናትነሽ። «ጠይቄ እነግርሻለሁ።»

ተነሥታ ኢንስፔክተሯ መኪና ውስጥ ሳትገባ ልትደርስባት ወደ ግቢው በር ሄደች።