ግማሽና ሲሶ በጎብዬ ጎርፍ

በአሥራ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት፥ በወርኃ ሐምሌ፥ ከራያ ቆላ በስተምዕራብ ያለው ተራራ ደመና ተከናነበ፤ በአዲስ አበባ ሹማምንቱ ለሁለት ሺህኛው ዓመት አቀባበል ርችት ሲያዘጋጁ፥ በጎብዬ ታችኛው ማሳ ዘሊካ የምትባል ባሏ የሞተባት ገበሬ፥ የማሽላዋ ቅጠል በጥም ሲጠቀለል ትመለከት ነበር።

የወንዙን ጎርፍ ለየማሳው የሚያካፍሉት የጎርፍ አባት ሼህ ኡበይድ ነበሩ፤ ሹመታቸው ከአባታቸው የወረደ፥ ሒሳባቸው ግን ከመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የተረፈ ነበር። ክፍልፋይ ሲባዛ ላይኛው በላይኛው፥ ታችኛው በታችኛው እንደሚባዛ ተምረው፥ መደመሩንም እንደዚያው ብለው በገዛ ሥልጣናቸው አጸደቁት፤ ስለዚህ በሚያዝያው ጉባኤ የላይኛውን ማሳ ግማሽና የመካከለኛውን ሲሶ ደምረው ሁለት አምስተኛ አገኙ።

«ለታችኛው ሦስት አምስተኛ ተርፏል፤ የዚያ ግማሹ የዘሊካ ነው። ዘሊካ፥ ማሽላ ብትዘሪ ጠግቦ ይጠጣል» ብለው በሕዝብ ፊት ቃል ሰጡ፤ ጥቂት ውሃ የሚበቃውን ማሾ ልትዘራ የነበረችውም ሴት ቃሉን አምና ማሳዋን በሙሉ ማሽላ ዘራችው።

የመጀመሪያው ጎርፍ መጣ፤ ዘሊካ ዘንድ የደረሰው ግን እግሯን እንኳ በቅጡ አላራሰም። ሼህ ኡበይድና ባለመሬቶቹ ወደ ተሰበሰቡበት ወደ ጎርፉ መጥለፊያ ወጣች።

«አንቱ ሼህ፥ የሦስት አምስተኛው ግማሼ የት ቀረ?»

«እየመጣ ነው።»

«በየት በኩል? በአፋር ዞሮ?»

ጎርፍ ሊያይ የመጣ፥ ተዋቸው የሚባል ከጎጃም መጥቶ የተመደበ የሒሳብ መምህር፥ ነገሩን ጠይቆ ተረዳና ጎንበስ ብሎ በአሸዋው ላይ ስድስት ቦይ አሰመረ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፥ ታችኛው ቁጥራቸው ለየቅል ሆኖ ሳለ አይደመሩም፤ ሁለቱንም መጀመሪያ ስድስተኛ ማድረግ ነው። ግማሹ ሦስት ቦይ፥ ሲሶው ሁለት ቦይ፤ የተረፈችው ይቺ አንዷ ናት። የእሷ ግማሽ ለእመቤቲቱ፤ ከወንዙ አንድ አሥራ ሁለተኛ።»

«የኔስ ድምር?»

«ሁለት አምስተኛ ከግማሽ ያንሳል፤ በግማሹ ላይ ሲሶ ጨምረው አነሰብዎት።»

«በረካ ገብቶበት ይሆናላ» አሉ ሼህ ኡበይድ፥ ፊታቸው ሳይፈታ።

«ይሄ በረካ የሚሉት የሚቀንስ ከሆነ፥ እኔ ማሳ ላይ ነው ያረፈው» አለች ዘሊካ።

ሰዉ ሳቀ፤ ሼህ ኡበይድ ግን አልሳቁም፤ ማሽላው ከሚቀጥለው ጎርፍ ካልጠጣ እንደሚደርቅ ያውቁ ነበርና። የላይኛውን ማሳ ባለመሬቶች ተመለከቱ፤ ባለመሬቶቹም በድንገት ደመናውን መመልከት ጀመሩ።

«ከላይኛው ግማሽ ሲሶው የኔ ነው» አሉ ሼህ ኡበይድ ቀስ ብለው፤ «ላይኛው በላይኛው፥ ታችኛው በታችኛው፤ አንድ ስድስተኛ። ይሄስ ልክ ነው?»

«ይሄ ልክ ነው» አለ መምህሩ።

«ለእሷ ብለቀው፥ ስድስተኛው ሁለት አሥራ ሁለተኛ፥ የእሷ አንድ፤ ሦስት አሥራ ሁለተኛ። ሩብ አይደለም?»

«ሩብ ነው፤ ቃል ከገቡት ግን ትንሽ ይጎድላል።»

«አንተ ልጅ፥ ተወን» አለች ዘሊካ፤ «ሩብ ይበቃኛል። የእርስዎስ ማሳ፥ ሼህ?»

«ቃሌ ከወንዙ በለጠ፤ ወንዙን ማስፋት አልችልም። እኔ ዘንድሮ በእህሉ ፈንታ ለከብቶቼ አገዳ አጭዳለሁ።»

ሁለተኛው ጎርፍ በነሐሴ ወረደ፤ የዘሊካም ማሽላ በኅዳር አንገቱን እስኪደፋ አፈራ።

የመስከረሙን ርችት የዘመኑ ጸሐፊዎች በሚገባ መዝግበውታል። የጎብዬ ሰዎችም ስለዚያ ክረምት ሲጠየቁ «አልሐምዱሊላህ፥ ጎርፉ ብርቱ ነበር፤ እስከ ታች ደርሷል» ይላሉ፤ ጎርፉ ግን እንደ ሌላው ዓመት ጎርፍ ነበር። አንድ ሰው ድርሻውን እንደ ለቀቀ ከማስታወስ፥ ወንዙ ሞልቶ እንደ ነበር ማስታወስ ለላይኛው ማሳ ሰዎች ይቀላቸዋል።