ባለ ቀይ መጣፊያው ሹራብ

«ጓዶች! የቀበሌያችን ሰፊው ሕዝብ! ክርኑ ላይ ቀይ መጣፊያ ያለበት አንድ አረንጓዴ ሹራብ ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ የገባበት አልታወቀም!»

የመካነ ሰላሙ የቀበሌ ሊቀመንበር ጓድ ፈንታው ድምፅ ማጉያ ከያዙ አብዮቱን ሳያነሡ አይለቁም። ከለቅሶው ዳስ በር ላይ ቆመው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ያየ ያምጣ! አብዮታዊ ግዴታ ነው!»

ሐረግ ዳሱ ጥግ ተቀምጣ በነጠላዋ ተሸፋፈነች። «አጥር ላይ አስጥቼው ጠፋ» ብላ እናቷን የዋሸችው እሷው ናት። ሹራቡን ከቀሚሷ ሥር ለብሳው ነበር።

«ምነው እንዲህ አላበሽ?» አለቻት ጓደኛዋ አልታዬ። ነጠላውን ገለጥ አድርጋ በቀሚሷ አንገት ብቅ ያለውን አረንጓዴ አየችና አፏን ያዘች። «አንቺ! ጉድሽ ፈላ!»

«ዝም በይ።»

የሐረግ ወንድም ሞላ የቦምብ ጣይ አውሮፕላን አቅጣጫ መሪ ነበር። ወፍጮ ቤት ሲላክ እንኳ መንገድ እየሳተ ጎረቤቱን ሲያስቅ የኖረ ልጅ! ባለፈው ታኅሣሥ አውሮፕላኑ ምጽዋ አጠገብ ቀይ ባሕር ገባ፤ አስከሬኑ አልተገኘም። እንዲህ ሲሆን የሟቹ ልብስ አልጋ ላይ ተዘርግቶ ይለቀሳል። ቤት የቀረው ልብሱ ደግሞ በድርቁ ዓመት ከእርዳታ የደረሰው ይኸው ሹራብ ብቻ ነው።

መጣፊያውን የሰፋው ራሱ ሞላ ነበር፣ ሊሄድ ሲል። የእጅጌውን ፊትና ኋላ አንድ ላይ ሰፍቶት የሐረግ እጅ አላልፍ ሲል ሁለቱም በሳቅ ፍርስ አሉ። ፈታና እንደገና አጣሞ ሰፋው።

«እስክመለስ ልበሽው» አላት። «ስመጣ እቀበልሻለሁ።»

ሹራቡ አልጋው ላይ ከወጣ ግን የሚቀበላት የለም ማለት ነው።

«ምኑን ይዤ ላልቅሰው?» አለች እናቷ አሰጋሽ፣ ባዶውን አልጋ በእጇ እየዳበሰች። «እናንተዬ፣ ምኑን?»

ከአጎራባቹ ማሻ ድረስ በእግራቸው የመጡት ዘመዶች አንገታቸውን ደፉ።

ሐረግ ተነሥታ ወደ ጓሮ ሄደች። ሹራቡን አወለቀች። የመጣፊያውን ክር በጥርሷ በጠሰችው።

ተመልሳ ሹራቡን አልጋው ላይ ዘረጋች፤ እጅጌዎቹን አቃናች። እናቷ «ሞላዬ!» ብላ ተደፋችበት፤ ዳሱ በለቅሶ ተናጋ።

ለቅሶው ጋብ ሲል ጓድ ፈንታው ጠጋ ብለው የክርኑን ቀዳዳ መረመሩ። በአዋጃቸው ውስጥ ቀዳዳ አልነበረም።

«አንቺ ልጅ፣ ቀዩ መጣፊያስ?»

ሐረግ የጨበጠችውን እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከተተች።

«አልነግርዎትም።»