ላይካ የተባለው ቡድን

«ውሻ ናት» አለች ዘይነባ።

ቦሼ ቀና አላለችም። በረንዳው ላይ ቁጭ ብላ ሸሚዟ ደረት ላይ የመጨረሻዋን ፊደል በቀይ ክር እየጠለፈች ነው። ነገ የወላጆች ቀን ነው። ነገ የአውራጃው ገዢ ፊት ይሮጣሉ። ለወሬ ጊዜ የላትም።

«ማን ናት ውሻ?»

«ላይካ። ሰው አይደለችም፣ ቦሼ። ውሻ ናት።»

ቦሼ መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰክታ ጓደኛዋን አየቻት። ዘይነባ ከአባቷ ሱቅ ድረስ እየሮጠች ነው የመጣችው። ሻሿ ትከሻዋ ላይ ወድቋል፣ ትንፋሿ ይቆራረጣል። አትቀልድም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዘይነባ ሸሚዟን ሱቁ በር ላይ አስጥታው ነበር። ከሻሸመኔ ጨው የጫነ ሾፌር መጣ፣ ጽሑፉን አነበበ፣ ሆዱን ይዞ ሳቀ። የሩሲያዋን ውሻ ስም ሸሚዝ ላይ የጻፈው ማነው ብሎ ጠየቀ። ፎቶዋን አዲስ አበባ ጋዜጣ ላይ አይቷል። ጆሮዋ ቆሞ፣ በቀበቶ ታስራ። ድሮ እኮ ሞታለች አለ። ሲልኳትም መመለሻ አልሠሩላትም።

ቦሼ ፊቷ ጋለ።

ያን ዓመት፣ በሃምሳ ዓመተ ምሕረት፣ ሰው አፍ ላይ የነበረው ይኸው የሰማዩ ወሬ ነው። ሩሲያዎች በመስከረም አንድ ሰው ሠራሽ ጨረቃ ላኩ፣ ስፑትኒክ አሉት። አብሮ ተጓዥ ማለት ነው። ወር ሳይደፍን ሁለተኛ ደገሙ። በጥር ደግሞ አሜሪካኖች ኤክስፕሎረር ብለው የራሳቸውን ላኩ። ሶዶ ውስጥ ወሬው መጀመሪያ የሚደርሰው የዘይነባ አባት ሱቅ ነው፣ ባትሪ የሚበላ ሬዲዮ አላቸው። ከዚያ ስምንተኛ ክፍል በሚማረው በዘይነባ ወንድም በጀማለዲን አፍ ትምህርት ቤት ይገባል።

ሳይንስ የሚያስተምሩት መምህር ሐብተማርያም ናቸው፣ ስፖርቱንም የያዙት እሳቸው። አንድ ቀን ሳይንቲስቶቹ አገሮቹ ለሚያወጡት ስም ደንታ የላቸውም ብለው አስተማሩ። ዓመቱን ይጽፉና የግሪክ ፊደል ይቀጥሉበታል። የዓመቱ መጀመሪያ አልፋ፣ ሁለተኛው ቤታ፣ እንዲያ እያለ ይሄዳል። ዓመቱ ሲለወጥ እንደገና ከአልፋ። ቦሼ አልፋን ከቤተ ክርስቲያን ታውቀዋለች፣ ግን ከአልፋ ቀጥሎ ዖሜጋ ይመስላት ነበር። እጇን አውጥታ ይህንኑ ተናገረች። ክፍሉ ሳቀ፣ እሷም ሳቀች። ያኔ ሳቁ አልከፋትም።

በመጋቢት የዱላ ቅብብል ልምምድ ሲጀመር መምህሩ ለቡድኖቹ ስም አወጡ። ሜዳውን ትዞራላችሁ፣ ስለዚህ ጨረቃ ናችሁ አሏቸው። ስምንተኛ ክፍል ስፑትኒክ፣ ሰባተኛ ክፍል ኤክስፕሎረር። ሴቶቹ ጥቂት ስለሆኑ ከየክፍሉ ተለቃቅመው አንድ ቡድን ሆኑ፤ ቦሼ፣ ዘይነባ፣ ከቦምቤ መጥታ ዘመድ ቤት የምትማረው ሰገነት፣ እና የአምስተኛ ክፍሏ እታፈራሁ። እነሱስ ማን ይባሉ ሲባል ጀማለዲን ከኋላ ተነሳ። ሁለተኛዋ ላይ ተሳፍራ የወጣችው ሴት ናት፣ ስሟም ላይካ ነው አለ። መምህሩ ጀማለዲንን አዩት፣ ፈገግ አሉ፣ ሰሌዳው ላይ ጻፉት።

ቦሼ ያንን ፈገግታ አይታዋለች። ደግነት መስሏት ነበር።

እንዴት ደስ ብሏት እንደነበር! ሴት ልጅ ሰማይ ላይ። እቤት ገብታ አወራች። አክስቷ እሑድ ጉባኤው መሃል ተነስታ፣ እህታችን ላይካ በሰላም ወደ እናቷ እንድትመለስ ጸልዩላት አለች። ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ ዓይናቸውን ጨፍነው አሜን አሉ።

«ነይ» አለች ቦሼ፣ ዘይነባን ክንዷን ይዛ።

ጀማለዲን ሱቁ ውስጥ ሳሙና እየቆረጠ ነበር። ሲያያቸው ገባው፣ ግን አልደነገጠም። አባቱ ዙሁር ሊሰግዱ ሄደዋል።

«ዋሽተኸናል» አለችው ቦሼ።

«እኔ? ሴት ናት አልኩ። ሴት አይደለችም እንዴ? ሾፌሩን ጠይቂው።»

«ውሻ መሆኗን ለምን አልተናገርክም?»

«ማን ጠየቀኝ? ሰው ናት ብያለሁ? ሰው የሚለውን የጨመርሽው ራስሽ ነሽ።»

«እህትህም እኮ ለብሳዋለች።»

ጀማለዲን ቢላዋውን አቆመ። ዘይነባን አየት አደረጋትና ዓይኑን መለሰ። ጨዋታ ነው፣ ምን ታካብዳላችሁ አለ። ቦሼ መምህሩ ያውቁ እንደሆነ ጠየቀችው።

«ሲስቁ አላየሽም?»

ቦሼ ዘይነባን ይዛ ወጣች።

በነጋታው ማለዳ ትምህርት ቤት ሄደች። መምህር ሐብተማርያም ሜዳው ላይ በኖራ መስመር ያሰምራሉ። ነጭ ሱሪ ለብሰዋል፣ ፊሽካ አንገታቸው ላይ።

«ጋሼ፣ ስማችንን ይቀይሩልን።»

አሁን የምን መቀየር ነው አሏት። ፕሮግራሙ አልቋል። ደሞስ ላይካ ምን ነውር አላት? በዓለም ሁሉ የታወቀች፣ ከሰው ቀድማ ሰማይ የወጣች። ክብር ነው።

«ክብር ከሆነ ለስምንተኛ ክፍል ይስጡት። እኛ ስፑትኒክ እንሁን።»

መምህሩ ሳቁ። «ወንዶቹማ እሺ አይሉም።»

ሐምሌ ላይ ዝናብ ይዘንባል እንደሚል ሰው ነው ያሉት። ያሉትን ራሳቸው እንኳ አልሰሙትም። ቦሼ ግን ቀጠለች፣

«እሺ፣ ሳይንቲስቶቹ ሁለተኛዋን ቤታ ይሏታል ብለው አስተምረውናል። ቤታ ይበሉን።»

«ቤታ ቢባል ማን ያውቃል? በዓል ነው እኮ። ሕዝቡ ትንሽ ይሳቅ እንጂ።» ኖራውን አነሱ። «ካልፈለጋችሁ አትሩጡ። ወንዶቹ ይበቃሉ።»

ቦሼ መሮጥ ትፈልጋለች። እንዴት አትፈልግ! በግንቦት ልምምድ ሰባተኛ ክፍሎችን ጥለዋቸው ገብተዋል። ስምንተኞቹም የቀደሟቸው ለጥቂት ነው። መጨረሻ ዱላውን የምትቀበለው እሷ ናት፣ ያንን የመጨረሻ ዙር ከመጋቢት ወዲህ በእንቅልፏ ስትሮጠው ነው የከረመችው።

ልጆቹን ከክፍሉ ጀርባ ሰብስባ ነገረቻቸው። ሰገነት አለቀሰች። አባቷ አቶ ዱባለ ልጃቸው ስትሮጥ ለማየት ከቦምቤ በእግራቸው መጥተዋል። ጥቂት ቀደም ብለው ቦሼን አግኝተው፣ ሴቱን ወንድ በሚያደርግ አማርኛቸው፣ «ልጄ ስንተኛ ላይ ነው የሚሮጠው?» ብለው ጠይቀዋት ነበር። ሁለተኛ ላይ ነው አለቻቸው። ባርኔጣቸውን አውልቀው አመሰገኗት።

«ውሻም ብለውን ብናሸንፍስ?» አለች ትንሿ እታፈራሁ።

ጥያቄው እውነተኛ ጥያቄ ነው። ብናሸንፍ፣ አለች በልቧ፣ ነገ ገበያ ላይ ምን ይሉናል? ውሾቹ አሸነፉ። ብንሸነፍስ? ያው ነው። ደግሞ የዚያች ውሻ ነገር ከነከናት። ማንም ሳይጠይቃት ስም አወጡላት፣ አስረው ላኳት፣ መመለሻ አልሠሩላትም። ከዚያ ታወቀች ይባላል።

«መሮጥ የፈለገች ትሩጥ። አልቀየማትም» አለች። «እኔ በዚህ ስም ስጠራ አልነሳም።»

ቁጭ ብላ ከቀሚሷ ጫፍ መርፌ ቁልፏን ነቀለችና ደረቷ ላይ ያለውን ቀይ ክር መተርተር ጀመረች። ጠንካራ ክር ነበር፣ አጥብቃ ሠርታዋለች። ስትጨርስ መርፌ ቁልፏን ዘይነባ ወሰደችው። ቀጥሎ ሰገነት። እታፈራሁ ብቻ ትንሽ ቆየች፣ ኋላ ግን እሷም እጇን ዘረጋች።

ሜዳው ሞላ። የአውራጃው ገዢ ዳሱ ሥር ተቀመጡ። መዝሙር ተዘመረ፣ ንግግር ተደረገ። ከዚያ መምህር ሐብተማርያም በድምፅ ማጉያ ጡሩምባ ቡድኖቹን መጥራት ጀመሩ። ስፑትኒክ ሲባል ጭብጨባ። ኤክስፕሎረር ሲባል ጭብጨባ።

«ላይካ!»

ወንዶቹ ይህን ሲጠብቁ ነበር። ከየአቅጣጫው ጮኹ፣ ው፣ ው፣ ው። ሕዝቡ ምክንያቱን ሳያውቅ ሳቀ። ስፑትኒክ መስመር ላይ የቆመው ጀማለዲን ብቻ አንገቱን ደፍቶ መሬት ያያል።

አራቱም ሣሩ ላይ እንደተቀመጡ ናቸው።

«ላይካ!» አሉ መምህሩ ደግመው።

ከሕዝቡ መሃል አቶ ዱባለ ቆመው ልጃቸውን በዓይናቸው ይፈልጋሉ። ሰገነት ልትነሳ አለች። ቦሼ አልያዘቻትም፣ አላየቻትምም። ሰገነት ተመልሳ ተቀመጠች፣ ፊቷን በጉልበቶቿ መሃል ቀበረች።

መምህሩ ጡሩምባውን ጥለው መጡ። ጎንበስ ብለው፣ ጥርሳቸውን ነክሰው፣ ገዢው እየጠበቁ ነው፣ ልታዋርዱኝ ነው? ተነሱ አሉ። ዓይናቸው የሸሚዞቹ ደረት ላይ አረፈ። ፊደሉ የለም። ክሩ የነበረበት ቀዳዳ ብቻ፣ ተራ በተራ።

«ስማችንን ያውቁታል፣ ጋሼ» አለች ቦሼ ቀስ ብላ። «አንድ በአንድ ይጥሩን፣ አሁኑኑ እንነሳለን።»

መምህሩ ወደ ዳሱ ዞር ብለው አዩ። ከዚያ ቀጥ ብለው ፊሽካውን አፋቸው ውስጥ ከተቱ።

ፊሽካው ጮኸ። ሁለቱ ቡድኖች ሮጡ።

ቦሼ አየቻቸው። ሰባተኞቹ መታጠፊያው ላይ ዱላውን ጣሉ። የስምንተኛው የመጨረሻ ሯጭ፣ ጀማለዲን፣ ግማሹን ሳይደርስ ደከመ። እዚያ ጋ ትደርስበት ነበር። እዚያ ጋ፣ ከባሕር ዛፉ በታች፣ ትቀድመው ነበር። የእግሮቿ ጣቶች ሣሩን ቆነጠጡ።

እግሮቿን ሰበሰበች። ቀሚሷን ጎትታ አለበሰቻቸው፣ ሩጫው እስኪያልቅም እዚያው ተቀመጠች።