ቅጠል የመሰለችው ወፍ

ሟቹ፣ የወፍ ፎቶ አንሺ፣ በሦስት እግር ማቆሚያ ላይ ከተተከለው ካሜራው ኋላ፣ ትንሽ በርጩማ ላይ እንደተቀመጠ ወደ ፊት ተደፍቶ ተገኘ። የካሜራው ማንጠልጠያ አንገቱ ላይ ሁለት ጊዜ ተጠምጥሟል። የተቀመጠባት ዝንጉርጉር ድንኳን ከወፎች ዓይን መደበቂያው ነበረች። ጫካው ጭጭ ብሏል።

የሥራ ባልደረቦቿ «መርፌ» የሚሏት መርማሪ ስትደርስ፣ ሽማግሌው የጫካ ጠባቂ በካቴና ታስረው ግንድ ላይ ተቀምጠዋል።

«ነገሩ አልቋል» አሏት አለቃዋ። «ሬሳውን አገኘሁ ያለው እሱ ነው። ባለፈው ሳምንት ‹ወፎቹን ካልተውክ ታያለህ› ብሎ በሰው ፊት ዝቶበታል። ጫማውም ላይ የእንቁላል አስኳል አለ። ስምንት ሰዓት ላይ ወህኒ ይወርዳል።»

«እስከዚያ ይታገሡኝ፣ አለቃ።»

መርፌ ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ የምትል ሴት ናት። ሄዳ ከሽማግሌው አጠገብ ቁጢጥ አለች።

«አባባ፣ ሟቹ ፎቶ የሚያነሣትን ወፍ አይተዋት ያውቃሉ?»

«የት አይቻት ልጄ! መሬት ላይ ነው የምትተኛው፤ ራሷ ቅጠል ናት። ሦስት ሳምንት ሙሉ ፈልጌ ዓይኔ አልገባ አለች። ዛሬ ሦስት ሰዓት ላይ ድንኳኑ ዝም ሲለኝ ጊዜ በቀጥታ ሄድኩ። እግሬ ሥር ቀጭ አለ፤ እሷም ፍር ብላ ጠፋች። ለካስ እንቁላሏን ረግጫለሁ።» ካቴናቸውን አዩ። «እናት አባት የሌላቸው ሁለት የልጅ ልጆች አሉኝ። እኔ ከታሰርኩ ማን አላቸው?»

መርማሪዋ ተነሥታ መሬት መሬቱን ታይ ጀመር። ድንኳኑን እሾህ ከቦታል፤ መግቢያው በአንድ በኩል ብቻ ነው። በእርጥቡ ቅጠል ላይ የጠባቂው ዱካ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ከእሱ ሌላ ያለው መረገጫ፣ ሰው የተመላለሰበት ቀጭን መንገድ፣ አንድ ብቻ ሲሆን፣ መሐል ላይ ሲደርስ ያለ ምክንያት ወደ ግራ ታጥፎ፣ ዞሮ ይገባል። ሟቹም ገዳዩም የመጡት በዚያ ነው ማለት ነው። ሰው አንቆ ሊገድል የሚሄድ ሰው ምን ሊሆን ይዞራል?

ከዚያ ካሜራውን ከፈተች። የመጨረሻው ፎቶ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሩብ ይላል። መጀመሪያ የታያት ደረቅ ቅጠል ብቻ ነበር። አጉልታ፣ አጉልታ ስታየው አንዲት ጠባብ ቢጫ ዓይን አፈጠጠችባት። ወፏ የተኛችው ጠባቂው በረገጡበት ቦታ፣ ልክ መረገጫው በሚታጠፍበት ላይ ነው።

የሟቹ ሚስት ቤቷ ደጃፍ ላይ ቆማ ነበር።

«እኔ ጫካውን ረግጬው አላውቅም፣ እህቴ። ጣውንቴ ወፍ ናት እያልኩ እቀልድበት ነበር» አለችና ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። «ትናንት በስልክ ይጮህ ነበር። ‹ክሩን እስከ እሁድ አንተው ተናገር፤ አለዚያ እኔ እናገራለሁ› ሲል ሰማሁት። ከማን ጋር እንደሆነ አልነገረኝም።»

የሟቹ የሃያ ዓመት የሥራ ጓደኛ፣ እሱም የወፍ ፎቶ አንሺ፣ በስቱዲዮው ውስጥ ሲያለቅስ ተገኘ። ከኋላው የተሸለመበት ትልቅ ፎቶ ተሰቅሏል፦ የዛፍ ቅርፊት የመሰለች ወፍ።

«እንደ ወንድሜ ነበር» አለ። «ቅጠል የመሰለችውን ወፍ ግን ደበቀኝ። የት እንዳለች እንኳ አላውቅም፤ እዚያ ጫካ ደርሼ አላውቅም።»

መርፌ ወደ ፎቶው ተጠጋች። በወፏ እግርና በቅርንጫፉ መካከል ፀጉር የምታህል ክር አለች። ወፏ ሳትበር የቀረችው ታስራ ነው። መርማሪዋ በልቧ «ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ» ብላ ወጣች።

በሰባት ሰዓት ሁሉንም ድንኳኑ ፊት ሰበሰበቻቸው። መረገጫው እንዳይለይ መሬቱን ሁሉ አዲስ ቅጠል አልብሳዋለች።

«አንድ በአንድ ወደ ድንኳኑ ይሂዱልኝ።»

ሚስትየው እያለቀሰች በቀጥታ ሄደች። ወፍ አንሺው ተከተለ። ጥቂት እንደተራመደ ወደ ግራ ታጠፈ፤ ዞሮም ደረሰ።

«ለምን ዞሩ?»

ሰውየው ቆመ። «ወፏን... እንዳልረግጣት ነዋ። እዚያ ተኝታለች። የእኔ ዓይን የለመደ ነው፤ አየኋት።»

መርፌ ተንበርክካ ቅጠሉን ገለጠችው። የተሰበረ ቅርፊትና የደረቀ አስኳል እንጂ ሌላ የለም።

«ምኗን አዩ? አባባ እንቁላሏን ከረገጡ ጀምሮ ወፏ የለችም። እሳቸው ቦታዋን ስለማያውቁ ረገጡባት። እኚህም እህቴ አሁን ላዩ ላይ ሄዱበት። ገዳዩ ግን ጠዋት ዞሮ ነው የገባው፤ የት እንደምትተኛ ያውቃል። ሟቹ አምኖ አሳይቶዎታል። እርስዎ ግን ጫካውን አላውቀውም አሉኝ። ሽልማት ባገኙበት ፎቶ ላይ የዚያችን ወፍ እግር ያሰሩበትን ክር ሟቹ አይቷል። እሁድ ሊናገር ነበር፤ እርስዎ ቀደሙት።»

ወፍ አንሺው እግሮቹን እንደ ሌላ ሰው እግር አያቸው።

«ሃያ ዓመት... ሃያ ዓመት ጎጆ ረግጬ አላውቅም» አለ ቀስ ብሎ።

«ለወፍ ዞርክላት!» ጮኸች ሚስትየው። «እሱንስ? ስንት ዓመት ከማዕዳችን በላህ፤ እሱንስ ማለፍ አቃተህ?»

አለቃው አቀርቅረው ካቴናውን ከሽማግሌው እጅ ፈቱ። ጠባቂው አላመሰገኑም፣ አልተቆጡም። ቀይ የሆነውን የእጅ አንጓቸውን እያሹ ሰዓት ጠየቁ።

«ስምንት ሊሆን ነው፣ አባባ።»

«ልጆቹ ዘጠኝ ሰዓት ከትምህርት ቤት ይወጣሉ» አሉና፣ ማንም ሳይሸኛቸው በቁልቁለቱ መሮጥ ጀመሩ።