ከአንድ ቦታ የተነሡ ሁለት ፎቶዎች

ሰው ሁሉ ‹ፓክ›፣ አቶ እንደማለት፣ የሚላቸው ዋሉዮ ሞተው የተገኙት በባሕሩ ዳር ማንያር ውስጥ፣ ገና ዕቃ ባልገባበት በሦስተኛው መጋዘን ወለል ላይ ነው። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ወለል ሊያጥቡ የገቡ ሠራተኞች አዩአቸውና እየጮኹ ወጡ። ከሬሳው በላይ፣ አሥራ ሁለት ሜትር ከፍታ ላይ፣ ብርሃን እንዲያስገባ ከጣሪያው ቆርቆሮ መሀል የተገጠመው የፕላስቲክ ክዳን ተበስቶ ሰማይ ይታያል። ስብርባሪው ዙሪያቸውን ተበትኗል። የጭንቅላታቸው የኋላ አጥንት ተሰብሮ ደማቸው አዲሱ ኮንክሪት ላይ ደርቋል።

«ከጣሪያው ነው የወደቁት» አለ የሳይቱ ኃላፊ ሃርጆኖ፣ ኢንስፔክተር ራትሚኒ ገና ከመኪናዋ ሳትወርድ። «ፎቶ ሊያነሡ ወጥተው ይሆናል። ምን እዚያ እንዳወጣቸው አላህ ይወቀው።»

ራትሚኒ ሃያ ዓመት ግድያ ስትመረምር የኖረች፣ ወፍራም መነጽር የምታደርግ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የማታውቅ ሴት ናት። ሬሳው አጠገብ ተንበረከከችና ሸሚዙን ዳሰሰች። ደረቅ ነው። ከደረት ኪሳቸው ማስታወሻ ደብተራቸውን አወጣች፤ የብዕሩ ቀለም በአንዲት ፊደል ላይ እንኳ አልፈሰሰም። መዳፏን ወለሉ ላይ አሳረፈች። የሲሚንቶ አቧራ እንደ ዱቄት እጇ ላይ ቀረ። በመጨረሻ ፊታቸውን አየች። ዓይኖቻቸው ተከድነዋል።

«ከጠዋት ጀምሮ የነካቸው ሰው አለ?»

«ማንም። ሠራተኞቹን ከበር ያስመለስኩት እኔ ነኝ።»

«ካሜራቸውስ?»

«አላየንም።»

የመጋዘኖቹ ባለቤት ድርጅት ወኪል መይላን በሩ አጠገብ ቆማ ሰዓቷን ታያለች። ቀጭን፣ ጥድፊያ የማይለቃት ሴት ናት። «ቡ ራትሚኒ፣» አለች፣ ወይዘሮ እንደማለት፣ «ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ በሟች መጨከኔ አይደለም። ሰኞ ተከራይ ይገባል። ወለሉን መቼ ማጠብ እንችላለን?»

«ትናንት የት ነበራችሁ፣ ሁለታችሁም?»

«ዝናቡ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ጀመረ፤ ዶፍ ነበር። አሥር ሰዓት ላይ በእኔ መኪና ሱራባያ ሄድን። ስብሰባው እስከ ምሽት ቆየ፤ ፓክ ሃርጆኖም እዚያው አደሩ። ሃያ ሰው አይቶናል። ማለዳ ስልክ ሲደወል ነው አብረን የመጣነው።»

«ዝናቡስ መቼ አባራ?»

የመለሰው ከኋላ የቆመው የቀን ጥበቃ ሙኪድ ነው። ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዟል። «አሥራ አንድ ሰዓት አልፎ ነው፣ ቡ።»

«ሟቹን በመጨረሻ ያየሃቸው አንተ ነህ አሉ።»

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ዝናቡ ሳይጀምር። የውጭውን መሰላል ሲወጡ አየኋቸው። ‹ፓክ፣ እንዳያዳልጥዎ› አልኳቸው። ከዚያ ዶፉ ሲመጣ ወደ ዘበኛ ቤቴ ገባሁ። የወረዱና የሄዱ ነው የመሰለኝ። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ቆልፌ ወጣሁ።»

«ታውቃቸው ነበር?»

«ማን የማያውቃቸው አለ? ይህ ቦታ ኩሬ ሳለ ጀምሮ ይመጣሉ። ኩሬው የኛ ነበር፣ የአባቴ። ጎጆው ውስጥ ተቀምጠው አብረው ቡና ይጠጡ ነበር።»

«አባትህ አሁን የት ናቸው?»

«ማዱራ ደሴት ገቡ፣ ወደ ዘመዶቻችን። የኩሬው ሙሌት ከመጀመሩ ከሦስት ቀን በፊት በብስክሌታቸው ወደ ጀልባው ሄዱ።»

«ደውለውልህ ያውቃሉ?»

ሙኪድ ኮፍያውን አንዴ አዞረው። «ስንለያይ ተኳርፈን ነበር፣ ቡ። ኩሬው አይሸጥም ብለው ነበራ። ወረቀቱ በእኔ ስም ነው፤ ሸጥኩት። ከዚያ ወዲህ አልተነጋገርንም።»

ራትሚኒ ከሰዓት በፊት ሱራባያ ገባች። የሟቹ ቢሮ ከሾርባ ቤት በላይ ያለች አንዲት ክፍል ናት። ፓክ ዋሉዮ ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ በአሮጌ ሞተር ብስክሌት ሱራባያን፣ ግሬሲክንና ሲዶአርጆን ሲያካልሉ ኖረዋል። የት ምን እንደሚሠራ፣ የቱ እንደተጀመረና የቱ ቆሞ እንደቀረ እያዩ በየሦስት ወሩ በምትወጣ ቀጭን መጽሔት ላይ ያትማሉ። ሲሚንቶ ሻጩም፣ ብረት አስመጪውም፣ ባንኩም ያነቧታል። ዘመኑ የገበያ ማዕከል መሆኑን ቀድመው የጻፉት እሳቸው ናቸው፤ ቀጥሎ የቢሮ ሕንጻ፣ ቀጥሎ ፋብሪካዎች መሬት ወደሚረክስበት ወደ ደቡብ መሸሻቸውን። አሁን ደግሞ መሀል ከተማ የቢሮ ፎቆች ባዶአቸውን ሲያድሩ፣ የባሕሩ ዳር የዓሣ ኩሬዎች አንድ በአንድ እየተሞሉ መጋዘን ይበቅልባቸዋል።

ባልደረባቸው ሴኖ ሲያለቅስ አርፍዶ ዓይኑ አብጧል። ጎረቤቱ ግን ሁለቱ ከትናንት በስቲያ ሲጨቃጨቁ መስማቱን ለፖሊስ ተናግሯል።

«እውነት ነው፣ ተጨቃጭቀናል» አለ ሴኖ። «መጽሔቷ ማተሚያ ቤት ልትገባ ስትል ‹አቆያት› አሉኝ። ‹አንድ ፎቶ እንቅልፍ ነሥቶኛል። መጀመሪያ ለሚመለከተው ሰው ላሳየው› አሉ። ‹ፓክ፣ እኛ ሕንጻ ነው የምንቆጥረው› አልኳቸው። ‹ሕንጻ ስንቆጥር ኖረን ሰው ማየት ረሳን እንዴ?› ብለው ጮኹብኝ። በእኔ ላይ ጮኸው አያውቁም።»

«የሚመለከተው ሰው ማነው?»

«አልነገሩኝም። የድርጅቱ ሰዎች ናቸው ብዬ ነበር።»

«ትናንት ከሰዓት የት ነበርክ?»

«ቤቴ። ብቻዬን። ማንም አላየኝም፣ ቡ። ብዋሽዎ ደስ ይለኝ ነበር።»

«ጣሪያ ላይ እየወጡ ፎቶ ያነሡ ነበር?»

ሴኖ ሳይወድ ፈገግ አለ። «እሳቸው? ቆጥ ላይ ውጡ ቢሏቸው እንኳ አይወጡም! ‹እግርህ ከተንቀሳቀሰ ፎቶህ ይዋሻል› ነበር የሚሉኝ። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ከአንድ ቦታ፣ ከመሬት፣ ቆመው ነው የሚያነሡት። የዘንድሮውን ካምናው ማስተያየት የሚቻለው እንዲያ ነው። ማንያርን የሚያነሡት ከመስጊዱ አጥር ጥግ ነው።»

የማንያርን ፎቶዎች አወጣላት። በወር አንድ ነው። ሙሌቱ የተጀመረበት ቀን ላይ ግን ሁለት አሉ፤ አንዱ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት፣ ሌላው ከቀኑ አሥር ሰዓት የተነሣ። በመጀመሪያው ላይ ገልባጭ መኪኖች በኩሬው ዳር ተሰልፈዋል። መሀል ላይ የቀርከሃ ጎጆ አለ። ሰማያዊ ቅርጫት ያለው ብስክሌት ግድግዳው ላይ ተደግፏል፤ ከጎጆው ክዳን ቀጭን ጭስ ይወጣል። በሁለተኛው ላይ ውሃም፣ ጎጆም፣ ብስክሌትም የለም። ለጥ ያለ ቀይ አፈር ብቻ።

ራትሚኒ መነጽሯን አውልቃ ጠረገችና ፎቶውን እንደገና አየች። «ከእኔ ጋር ትመጣለህ» አለችው።

መስጊዱ አጥር ጥግ ሴኖ ሟቹ ይቆሙበት በነበረው ድንጋይ ላይ ቆመ። በፎቶው ላይ ጎጆው ከሩቁ የኤሌክትሪክ ማማ ትክክል ይታያል፤ ከመንገዱ ያለውን ርቀት ደግሞ ፓክ ዋሉዮ በጥንቃቄ ከጀርባው ጽፈውታል። ራትሚኒ በማማው አቅጣጫ እየለካች ሄደች። ሦስተኛው መጋዘን ውስጥ ገባች። ልኬቱ ያለቀው ሬሳው ከነበረበት ቦታ ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ ነው።

ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ሁሉንም እዚያው ሰበሰበቻቸው። ሃርጆኖ፣ መይላን፣ ሴኖና ሙኪድ በደሙ ምልክት ዙሪያ ቆሙ። ሁለት ፖሊሶች በሩን ያዙ።

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጣሪያ ወጡ ተብያለሁ» ስትል ጀመረች። «ከዘጠኝ ተኩል እስከ አሥራ አንድ ዶፍ ዘነበ። ክዳኑ ያኔ ተበስቶ ቢሆን እዚህ ውሃ ይጠራቀም ነበር። ወለሉ ግን ጠብታ አልነካውም፤ አቧራው እንዳለ ነው። ሰውየው በዝናብ ጣሪያ ላይ ቆይተው በኋላ ወደቁ እንዳንል፣ ሸሚዛቸውም ደብተራቸውም ደረቅ ነው። ስለዚህ ክዳኑ የተሰበረው ዝናቡ ካባራ በኋላ ነው። ፓክ ሃርጆኖና ቡ መይላን ያኔ ሱራባያ ነበራችሁ።»

መይላን ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች።

«ሁለተኛ። ፓክ ዋሉዮ ለፎቶ ጣሪያ አይወጡም። የገደላቸው ሰው ግን ፎቶ አንሺ ሁሉ ከፍታ ይወዳል ብሎ አሰበ። ሴኖ ይህን አሠራራቸውን ከማንም በላይ ያውቃል። እሱ ቢሆን ኖሮ ሌላ አደጋ ይፈጥር ነበር፤ ይህን ከቶ አይመርጥም።»

ሴኖ አንገቱን ደፋ።

«ሦስተኛ። ዓይናቸው ተከድኖ ነበር። ከአሥራ ሁለት ሜትር ወድቆ የተፈጠፈጠ ሰው ዓይኑን አይከድንም። ገዳዩ ከመታቸው በኋላ ጎንበስ ብሎ ከደነላቸው። የሚያውቃቸው ሰው ነው። ያከብራቸው የነበረ ሰው።»

ራትሚኒ ፎቶውን አውጥታ ለሙኪድ ዘረጋችለት።

«ሙኪድ፣ አባትህ ሙሌቱ ከመጀመሩ ሦስት ቀን ቀድመው በብስክሌታቸው ሄዱ ብለኸኛል። ሙሌቱ በተጀመረበት ጠዋት ብስክሌቱ ይኸውና። ምድጃው ይጨሳል። ባዶ ጎጆ ውስጥ እሳት ማን አነደደ?»

ሙኪድ ፎቶውን አልተቀበለም። አይቶት ያውቃል።

«ፓክ ሃርጆኖ» አለች፣ ዓይኗን ከሙኪድ ሳትነቅል። «አፈሩን ከመድፋታችሁ በፊት ጎጆውን ማን ፈተሸ?»

የሃርጆኖ ፊት አመድ መሰለ። «ጠይቄያለሁ። ‹ባዶ ነው ወይ?› ብዬ ጠይቄዋለሁ። ልጁ ነዋ! ‹ባዶ ነው› አለኝ። አምስት ወር ነበር የተሰጠን፤ መኪኖቹ ቆመው ነበር...»

«አንተስ ሄደህ አየህ?»

«አላየሁም።»

ሙኪድ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ሲናገር ድምፁ አይንቀጠቀጥም ነበር።

«ከጎጆው አልወጣም አሉኝ። ‹መኪናህን በእኔ ላይ ንዳ› አሉኝ። ተናደድኩ። መኪኖቹን ሲሰሙ ይወጣሉ ብዬ ነው ባዶ ነው ያልኩት። ደርሼ ማየት ነበረብኝ፤ እልህ ያዘኝ። ከሰዓት መጣሁ፤ ሁሉም አልቋል። ወጥተው ሄደዋል ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ለሰውም ያንኑ ነገርኩ።» መዳፉን ወለሉ ላይ አሳረፈ። «ጆሮአቸው ከደከመ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ቡ። እንደማይሰሙ አውቅ ነበር። በንዴቴ ረስቼው ነበር።»

«ፓክ ዋሉዮስ?»

«ትናንት ዝናቡ ሲያባራ፣ ሠራተኛው ሲወጣ፣ እዚህ አመጡኝ። ፎቶውን አሳዩኝ። ያላወቅኩ መስሏቸው ነው እኮ! አቀፉኝ። ‹ልጄ፣ አባትህ እዚህ ሥር ሳይሆኑ አይቀርም። አብረን ሄደን ለፖሊስ እንንገር፤ አውጥተን በወጉ እንቅበራቸው› አሉኝ። ሳይታወቀኝ የፌሮ ብረት እጄ ላይ ነበር። ሲዞሩ መታኋቸው።» ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «በውጭው መሰላል ወጥቼ ክዳኑን ከላያቸው ሰበርኩት፤ ካሜራውን ጉድጓድ ውስጥ ጣልኩት። ዓይናቸው እኔን ያይ ነበር። ልከድነው ግድ ሆነብኝ።»

ሴኖ ድንገት ዘሎ ኮሌታውን ያዘው። «እሳቸው እኮ ስምህን ሊጠብቁልህ ነበር! ለእኔ እንኳ አልነገሩኝም!» ፖሊሶቹ አላቀቁት።

«ወለሉ ይሰበራል» አለች ራትሚኒ።

መይላን አንድ እርምጃ ወደፊት መጣች። «ቡ፣ ሦስት ሜትር ሙሌት ነው። ሰኞ ተከራዩ... ከዋናው ቢሮ ፈቃድ ሳላገኝ...»

ሃርጆኖ ግን ስልኩን አውጥቶ ነበር። «መሰባበሪያውን አምጡት» አለ። «ኤክስካቫተሩንም። አዎ፣ ሦስተኛው መጋዘን ውስጥ። እኔ ነኝ ያዘዝኩት።»

ሁለት ቀን ተቆፈረ። በሁለተኛው ቀን ረፋድ ላይ የኤክስካቫተሩ ባልዲ ቀርከሃ አወጣ፤ ከዚያ ወዲያ በአካፋና በእጅ ሆነ። ብስክሌቱ ተጣሞ ተገኘ። የሙኪድን አባት ፓክ ማትራዊን ያገኟቸው በሩ ሥር ነው። በሩ ወደ ውጭ የሚከፈት ነበር። ከውስጥ በኩል ቀርከሃው በጥፍርና በማንኪያ ተቧጭሮ ሣሥቷል።

ከሰዓት ራትሚኒ ጣቢያው ገባች። ሙኪድ በብረት ፍርግርጉ ማዶ ተነሥቶ ቆመ።

«ተገኙ?»

«ተገኙ።»

«ተኝተው ነበር አይደል፣ ቡ? ማለዳ ቡና ጠጥተው ጋደም ይላሉ። ተኝተው ነበር በሉኝ።»

በምርመራ ዘመኗ ብዙ ሰው እንዲህ ለምኗታል።

«አልተኙም ነበር» አለችው። «መኪኖቹን አልሰሙም። ሲጨልምባቸው ግን አይተዋል። በሩ ጋ ነው ያገኘናቸው።»

ሙኪድ ብዙ ጊዜ ራሱን ነቀነቀ፤ የሚያውቀውን ነገር የሰማ ይመስል ነበር። ከዚያ ቀስ ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

በማግስቱ በማንያር መስጊድ በሁለት ቃሬዛ ላይ አንድ ሶላት ተሰገደ። ሴኖ ፊት ለፊት ቆመ። ሃርጆኖ ዘግይቶ መጥቶ በመጨረሻው ሰልፍ ዳር ቆመ፤ ከአጠገቡ ያሉት ሰዎች ማን መሆኑን አወቁት። ማንም አልተጠጋለትም፣ ማንም ሂድ አላለውም።