ዳግም የሚያስጥል ቀለበት

መምህር ጸጋአብ የተገኘው በገዛ በረንዳው ላይ፣ ከጨዋታ ጠረጴዛው ሥር በአፍጢሙ ተደፍቶ ነው። ማጅራቱን የተመታበት ዘነዘና አጠገቡ ወድቋል። መርማሪ ኛሩአች ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ተጠርታ ስትደርስ፣ አለቃዋ ጉዳዩን ጨርሶ ጠበቃት።

«ዘነዘናው የትምህርት ቤቱ ዘበኛ የአኳይ ነው» አላት። «ሬሳ አገኘሁ ብሎ የጮኸውም ራሱ ነው። አስረነዋል፤ ሰኞ ፍርድ ቤት ይቀርባል። አንቺ ወረቀቱን ብቻ አሟይ።»

ጋምቤላ ክልል ከሆነች አራት ዓመቷ ነበር። ያኔ ቢሮዎቹ ወንበር ሳይሟላላቸው ማኅተም ተሟልቶላቸው ነበር፤ የኛሩአች አለቃም ምርመራ የሚባለው ነገር ማኅተም ከመምታት በፊት ያለ አሰልቺ ጊዜ ይመስለው ነበር። ኛሩአች ግን ጎንበስ ብላ ጠረጴዛውን ማየት ጀመረች።

መቀስ አለ። እስክሪብቶ አለ። ጠርዙ አረንጓዴ መስመር ያለው የግሉኮስ ካርቶን አለ፤ ከአንድ ጎኑ የእጅ መዳፍ የምታክል ቁራጭ ተቆርጣለታለች። ሃያ ገጽ ያላቸው፣ በየገጻቸው ቁጥር የተጻፈባቸው የፕላስቲክ ጠጠሮች ተበትነዋል። በባዶ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ውስጥ ደግሞ ከካርቶን የተቆረጡ ካርዶች ታጭቀዋል፤ «ካባ»፣ «የእሳት በትር»፣ «ጋሻ»፣ «ቀለበት» የሚል ተጽፎባቸዋል። ሁሉም ቡናማ ናቸው፤ አረንጓዴ መስመር ያለባት አንዷ ብቻ ናት። ኛሩአች እሷን አንብባ መልሳ ከተተቻት፤ ካርቶኑን፣ ቆርቆሮውንና ከጎኑ ያለውን ወፍራም ደብተር ይዛ ወጣች።

አኳይ እስር ቤቱ ወለል ላይ ተቀምጧል። ሚስቱና ሁለት የልጅ ልጆቹ ከበሩ ውጪ ቆመዋል።

«ዘነዘና የሚስቴ ነው» አለ ሽማግሌው። «ሚስቴ እዚያ ትወቅጣለች፤ ሁልጊዜ መምህሩ በረንዳ ላይ ይቆማል። እኔ ግን አልነበርኩም። ሲስተር ቤርሳቤ 'ቦርሳ ያዝልኝ' አለች፤ ይዤ ቤቷ ድረስ ሄድኩ። ስመለስ መምህሩ ሞቷል። እሷን ጠይቂ።»

ጠየቀቻት። ቤርሳቤ የጤና ጣቢያ ነርስ ናት፤ ነጭ ጋቢዋን ተከናንባ፣ እሑድ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነበር የተገናኙት።

«የእንግሊዝኛ ጥናት ነበረን» አለች። «እኔ፣ መምህር ፍቃዱና አቶ ከፈለ። በዘጠኝ ሰዓት ተበተንን። አኳይ እዚያው ቀረ።»

«ቦርሳሽን አልያዘልሽም?»

«በፍጹም።»

ሦስቱም ቃል በቃል ይህንኑ አሉ። ሦስት ሰው በአንድ አፍ ሲናገር መጠርጠር ነው። ኛሩአች ደብተሩን አንብባ ስለጨረሰች ጥናት የሚሉት ምን እንደሆነ ታውቃለች፤ ግን ከራሳቸው አፍ መስማት ፈለገች። የሒሳብ መምህሩን ፍቃዱን ፊቷ አስቀመጠችና ደብተሩ ውስጥ ያገኘችውን ሰባት ገጽ ደብዳቤ ዘረጋችለት።

«ያንተ ነው?»

ኛሩአች አማርኛን የተማረችው ትምህርት ቤት ነው። «እርስዎ» የሚባለው ነገር ለምን እንደሚያስፈልግ ገብቷት አያውቅም፤ ሹሙም ሎሌውም ለእሷ «አንተ» ነው። ፍቃዱ ቅር አለው፤ ሆኖም ደብዳቤውን ሲያይ ቅሬታውን ረሳው።

«የኔ ነው» አለ አንገቱን ደፍቶ። «ጨዋታ ነው። የኢታንግ የስደተኞች ካምፕ ሲዘጋ አንድ ፈረንጅ ለጸጋአብ የጨዋታውን መጽሐፍ ትቶለት ሄደ። እያንዳንዳችን አንድ የተረት ጀግና እንሆናለን። አጫዋቹ ጸጋአብ ነው፤ እሱ ይተርካል፣ እኛ ምን እንደምናደርግ እንናገራለን፤ መሳካት አለመሳካቱን ጠጠሩ ይወስናል።»

«ስንት ዓመትህ ነው?»

«ሠላሳ ስምንት።»

ጻፈችው።

«እኔ የጠየቅሁት ሚዛን ብቻ ነው!» አለ ፍቃዱ ድንገት ሞቅ ብሎት። «የቤርሳቤ በትር ሦስት ጊዜ እሳት ትተፋለች፤ አበቃች። የኔ ካባ አንድ ጊዜ ይሰውረኛል፤ አበቃ። የከፈለ ቀለበት ግን ማብቂያ የለውም! ጠጠሩ ባልጣመው ቁጥር ሽሮ እንደገና ይጥላል። እንዲህ ያለ አስማት ካለ እኛ ተጫዋቾች ሳንሆን አጃቢዎች ነን። በሒሳብ አረጋግጬለታለሁ።»

«ጸጋአብ ምን አለህ?»

«'አስብበታለሁ።' ዓመት ሙሉ አሰበ!»

«ተናደህ ነበር?»

«በጣም!» አለና ምን እንደተናገረ ሲገባው አፉን ያዘ።

ኛሩአች በልቧ ሳቀችበት። የተማረ ሰው ሲቂል ደግሞ ሰባት ገጽ ይጽፋል።

አቶ ከፈለ የተለየ ሰው ነው። ሱፍ ለብሶ፣ በጋምቤላ ሙቀት ከረባት አስሮ መጣ። ድሮ የመምሪያ ኃላፊ ነበር። ክልሉ ሲቋቋም ወንበሩ ለሌላ ተሰጠና እሱ መዝገብ ቤቱ አጠገብ ያለ ምንም ሥራ ተቀምጦ ቀረ። በመሀረብ ዓይኑን እየጠረገ ስለ ሟቹ ደግነት አወራ።

«በጨዋታው አንተ ማን ነህ?»

«ንጉሥ ነኝ» አለ፤ ከዚያም ቶሎ ብሎ፣ «በጨዋታው ማለቴ ነው።» ስለ ንጉሡ ሲያወራ ግን እንባው ደረቀ። «ስድሳ አምስት ዓመቱ ነው። መጽሐፉ ጀግና በሰባ ዓመቱ ይሞታል ስለሚል አምስት ዓመት ይቀረዋል። ሆኖም ማንም አሸንፎት አያውቅም።»

«በቀለበቱ ምክንያት።»

«በቀለበቱም ቢሆን።»

«ቀለበቱ እንደ ድሮው ነው?»

«እንደ ድሮው ነው። ማን ይነካዋል?»

ኛሩአች ከእሱ ዘንድ ተነስታ በቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያው ሄደች፤ የግሉኮስ ካርቶን ከሌላ ከየት ይመጣል? ቤርሳቤን ለብቻዋ አደረገችና የተቆረጠውን ካርቶን አሳየቻት። ነርሷ ገረጣች።

«ካርድ እንዲሠራበት ትናንት ወሰድኩለት» አለች። «ረስቼው ቦርሳዬ ውስጥ ቆይቶ፣ ስንወጣ በሩ ላይ ሰጠሁት። አሥራ አንድ ሰዓት ሆኖ ነበር። ከዚያ ኒሙ ዛፍ ጋ ተለያየን፤ ወንዶቹ በየፊናቸው ሄዱ።»

«አኳይስ?»

ቤርሳቤ ቀና ብላ አላየቻትም። «ቦርሳዬን ይዞልኝ ቤቴ ድረስ መጥቷል። ግን እባክሽ አትጻፊው። ፍርድ ቤት ከቆምኩ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ምን ስትሠሩ ነበር እባላለሁ። 'ነርሷ ቅዳሜ ቅዳሜ እንደ ሕፃን ጠንቋይ እየሆነች ትጫወታለች' ተብሎ በከተማው ሲወራ አስቢው። ብትጽፊው አላልኩም እላለሁ።»

«ሽማግሌው ሊፈረድበት ነው እኮ።»

«እግዚአብሔር ያውጣው» አለች ቤርሳቤ።

የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይባላል፤ እዚህ ግን ጅቡም አልመጣም፣ የሚያስፈራው የጎረቤት ሐሜት ብቻ ነበር። ኛሩአች ተናዳ ወጣች። ዘበኛው ንጹሕ መሆኑን አውቃለች፤ ግን ሰኞ ፍርድ ቤት የነርሷን ቃል ተቃርኖ የሚቆመው የዘበኛው ቃል ብቻ ነው፤ ዳኛው የትኛውን እንደሚሰማ ለማወቅ ብዙ መማር አያስፈልግም።

እሑድ ከቀትር በኋላ በዘጠኝ ሰዓት ሁሉንም በሟቹ በረንዳ ላይ ሰበሰበቻቸው። አለቃዋ እያዛጋ ጥግ ተቀመጠ። አኳይ በካቴና እንደታሰረ አጠገቡ ቆመ። ሦስቱ ተጫዋቾች በየቦታቸው፣ ጠረጴዛው ዙሪያ ተቀመጡ። ኛሩአች የሟቹን ወንበር ያዘች፤ ከቆርቆሮው ካርዶቹን እያወጣች ጽሑፋቸውን ወደታች ደፍታ ለየባለቤቶቻቸው አስቀመጠች።

«ማንም ካርዱን አይገልብጥ። ምን እንደያዛችሁ በቃላችሁ ታውቃላችሁ» አለች። «ዛሬ አጫዋቿ እኔ ነኝ። ንጉሡ ድልድይ ላይ ነው። ዘንዶ መጣ። ጣል።»

ትረካዋ ይኸው ነበር። ከፈለ አለቃውን አየ፤ ላቡን ጠረገ፤ ጠጠሩን ጣለ። ሦስት ብቻ ወጣ።

«ግራ እጅህን በላው። ጣል።»

«ጋሻዬን አነሳለሁ» አለ ከፈለ ሳያስበው። ጣለ። ሁለት።

«ጋሻውንም በላው። ጣል።»

አራት። «ግራ እግርህንም በላው» አለች ኛሩአች። ፍቃዱ ከወንበሩ ብድግ አለ።

«ቀለበቱን ተጠቀም እንጂ! ዓመት ሙሉ ስታቃጥለን የኖርክበት ቀለበት ዛሬ የት ሄደ?»

«ሰው ሞቶብን ምን ቀለበት ያሰኛል» አለ ከፈለ።

«ጋሻ ግን አሰኝቶሃል» አለች ኛሩአች። «ግድ የለም፤ ቀለበቱን እኔ አነሳልሃለሁ።» ጠጠሩን ከፊቱ ወስዳ እጇን ከፍ አደረገች።

«ተይ! ይሞታል!» አለ ከፈለ።

ኛሩአች ጠጠሩን ቀስ ብላ አስቀመጠችው።

«ማን ነው የሚሞተው?»

ከፈለ መሀረቡን ፈለገ።

«ቀለበቱ እንደ ድሮው ነው ብለኸኛል። ድሮ ጠጠር ዳግመኛ ያስጥላል እንጂ ማንንም አይገድልም። ፍቃዱ፣ የቀለበቱን ካርድ ገልብጠህ አንብብ።»

ፍቃዱ አነበበ። «ቀለበቱን በተጠቀመበት ቁጥር ባለቤቱ አሥር ዓመት ያረጃል።» ከዚያ ሳይወድ ፊቱ በራ። «ሰማኝ ማለት ነው! ሚዛን ሠራለት!»

«ንጉሡ ስድሳ አምስት ዓመቱ ነው፤ በሰባ ይሞታል። አንዴ ከተጠቀመ አበቃለት» አለች ኛሩአች ወደ አለቃዋ ዞራ። «እንግዲህ ይህች ካርድ መቼ ተጻፈች? ጠርዟ አረንጓዴ መስመር አለው፤ የተቆረጠችው ከዚህ ካርቶን ነው። ካርቶኑ ለሟቹ የተሰጠው ሦስቱም ሲወጡ በሩ ላይ ነው። ስለዚህ ካርዷ ስትጻፍ ሁሉም ሄደዋል። የተለወጠ ካርድ የሚነበበው በሚቀጥለው ቅዳሜ ነው፤ ደብተሩ ላይ የተጻፈ ሕጋቸው ነው። ይህን አዲስ ሕግ ሊያውቅ የሚችል ከሟቹ ሌላ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ተመልሶ የመጣው።»

«ካርቶኑ መቼ እንደተሰጠ ማን መሰከረ?» አለ አለቃው።

ኛሩአች ቤርሳቤን አየቻት። ሁሉም አዩዋት። ቤርሳቤ አኳይን አየች፤ የካቴናውን ብረት አየች።

«እኔ ነኝ የሰጠሁት» አለች በቀጭን ድምፅ። «አኳይም ከዚያ ጀምሮ ከኔ ጋር ነበር። ዋሽቻለሁ።»

ከፈለ ከረባቱን ፈታ። «ባርኔጣዬን ረስቼ ነው የተመለስኩት» አለ። «ካርዷን ሲጽፍ ደረስኩ። ለመንኩት። ወንበሬን ወሰዱ፤ ዝም አልኩ። መኪናዬን ወሰዱ፤ ዝም አልኩ። እሱ ግን ወዳጄ ነበር። 'ለጨዋታው ሚዛን ነው' ብሎ ሳቀብኝ።»

አለቃው አሁንም አልገባውም። «ታዲያ ካርዷን ቀዶ አይጥላትም ነበር?»

«አይቻልም» አለ ከፈለ፣ እንዲህ ያለ ጥያቄ መጠየቁ ራሱ አስደንግጦት። «ካርድ የሚቀድ አጫዋቹ ብቻ ነው። እሱ ከጻፈ ተጽፏል።»

ኛሩአች በሥራዋ ሌባ አይታለች፣ ቂመኛ አይታለች፣ በስካር የገደለም አይታለች፤ ለሁሉም የሆነ ያህል አዝናለች። ሰው ገድሎ ካርቶን መቅደድ ነውር የመሰለው ግን ይህ የመጀመሪያዋ ነው፤ ልታዝንለት ሞከረች፤ አልቻለችም። ካቴናውን ከአኳይ እጅ ፈትታ ለከፈለ አጠለቀችለት።

ሽማግሌው አንጓውን እያሸ ደረጃውን ሲወርድ ቤርሳቤ ተከተለችው።

«አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለች፤ «እርስዎ» ስትለው ይህ የመጀመሪያዋ ነው። «አፍሬ ነው። ሰው ምን ይለኛል ብዬ አፍሬ ነው።»

አኳይ ቆመ።

«እኔን በዚህ መንገድ አስረው ወሰዱኝ» አለ። «የልጄ ልጆች እያዩ። ነፍሰ ገዳይ እያለ ሰፈሩ ሁሉ እያየ። እኔ ማፈር የማላውቅ መሰለሽ?»

ትቷት ሄደ። ከደጅ ስትጠብቀው የቆየችው ሚስቱ ገብታ በረንዳው ጥግ የወደቀውን ዘነዘና ልታነሳ ጎንበስ ስትል ኛሩአች ማስረጃ ነው ብላ ከለከለቻት። ሴትየዋ ቀና ብላ፣ ታዲያ የዛሬውን በቆሎ በምን ልውቀጥ አለቻት።