የላይኛው ፎቅ ሰውዬ

«አቁሚው እስቲ» አለ ዕዝራ።

ሚሪያም ላፕቶፑን ነካ አድርጋ ፊልሙን አቆመችው። አንድ ከሲታ ሰውዬ መስኮት አጠገብ ቆሞ ክኒን ሊውጥ አፉን እንደከፈተ ቀረ። ፊልሙ የኮሪያ ነው። በአንድ ሕንፃ ውስጥ ይኖሩ የነበሩ ሦስት ሴቶች ጠፍተዋል፤ ገዳዩ ማን እንደሆነ ገና አልታወቀም።

«ገዳዩ እሱ ነው። የላይኛው ፎቅ ሰውዬ።»

«ገና ግማሹ ነው እኮ! በምን አወቅህ?»

«ክኒኑን ሲያወጣ ሙዚቃው ተቀየረ።» ዕዝራ ፈገግ አለ። «የእኔ ክኒን ግን ሙዚቃ የለውም።»

ሚሪያም ልትስቅ ፈለገች፤ ሳቁ አልመጣላትም። ወንድሟ ውሃ ሊጠጣ ተነስቶ ወደ ጓዳ ገባ፤ በዚያው ቀረ። የቀረውን ብቻዋን አየችው። ገዳዩ በእርግጥም የላይኛው ፎቅ ሰውዬ ነበር።

የወንጀል ፊልም ማየት ያስተማራት ዕዝራ ነው። ዩኒቨርሲቲ ከመግባቱ በፊት፣ ሴቻ ሰፈር ባለው ቤታቸው ሳሎን ጎን ለጎን ተቀምጠው ገዳዩን ቀድሞ ለማወቅ ይፎካከሩ ነበር። «ብዙ የሚያወራውን ተይው፤ ማንም የማይጠይቀውን እዪ» ይላታል። አሁን እሷ ዘጠነኛ ክፍል ናት። ዓርብ ዓርብ በእረፍት ሰዓት ከጓደኛዋ ከሚስጥር ጋር ሆና በትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ ስላየቻቸው ፊልሞች ትናገራለች። ለቅዳሜና እሁድ ምን እንደሚያወርዱ እሷን ሳይጠይቁ ወደ ቤት የማይሄዱ ተማሪዎች አሉ።

ዕዝራ ትምህርቱን አቋርጦ የተመለሰው ኅዳር ላይ ነው። ሦስተኛ ዓመት ላይ እያለ እንቅልፍ እምቢ አለው፤ ቆየት ብሎ ደግሞ ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ ይሰማው ጀመር። የዶርም ጓደኞቹ ሐኪም ቤት ወሰዱት። አሁን መድኃኒቱን በሰዓቱ ይወስዳል፣ ቀን ቀን ብዙ ይተኛል፣ ደህና እየሆነ ነው። እናታቸው ወይዘሮ ጽጌረዳ ግን ለጎረቤቱም ለመሥሪያ ቤት ባልደረቦቿም «ጨጓራው ነው» ብላለች። በዚህ የተነሳ ከየቤቱ ተልባ ይላክለታል። የሚስጥር እናት ሳትቀር ልካለች። ዕዝራም አመስግኖ ይጠጣል።

ሚሪያም ላፕቶፑን ከዘጋችው በኋላ እስካሁን ያደነቀቻቸውን ፊልሞች አስታወሰች። ነርሷ፣ መንትያው፣ ከራሱ ጋር የሚያወራው መምህር። ሁሉም ገዳዮች ነበሩ፤ ሁሉም ደግሞ የአእምሮ ሕመምተኞች ነበሩ። ያኔ አንዱም አልቆረቆራትም።

ረቡዕ ዕለት ሚስጥር ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ኒም ዛፍ ሥር ቁጭ ብላ ስለ ኮሪያው ፊልም ለዓርብ የጻፈችውን አነበበችላት። ሚስጥር ስትጽፍ ታስቃለች። ሚሪያምም እየሳቀች አዳመጠች።

«መዝጊያውን ስሚ፤ ‹ውድ አድማጮቻችን፣ ጎረቤታችሁ ክኒን የሚውጥ ከሆነ ዛሬውኑ በራችሁን ቆልፉ!› ግቢው በሳቅ ነው የሚፈርሰው!»

«እሱን እናውጣው።»

«ለምን? ምርጡ እሱ እኮ ነው!»

«እንጃ፣ እኔን አላሳቀኝም።»

«አቦ ሚሪ፣ ሰሞኑን ደግሞ ፋራ ሆነሻል። ሌላውን ሁሉ ቀይሪ፤ እሱን ግን አትንኪብኝ።»

ያን ቀን ከትምህርት ቤት ስትመለስ ዕዝራን በረንዳ ላይ ማንጎ እየላጠ አገኘችው። የሚስጥርን ቀልድ ሳትቀንስ ሳትጨምር ነገረችው። እስኪናገር ድረስ ፊቱን ማየት አልደፈረችም።

«ፊልሙ መጥፎ አይደለም። ሊፍቱ ውስጥ መብራት የጠፋ ጊዜ እኔም ደንግጫለሁ።»

«መጨረሻውን ግን አላየኸውም።»

«መጨረሻውማ ታወቀ። ደራሲው ሰነፈ። ሰውዬው ለምን ገደለ ብሎ ከሚደክም፣ ክኒን አስይዞት ተገላገለ።»

«ይሄን በማይክ ልበለው?»

«ያንቺም ሐሳብ ከሆነ በይው።»

«ሚስጥርን ደግሞ ታውቃታለህ። ምክንያቱን ካልነገርኳት አትለቀኝም።»

ዕዝራ ቢላዋውን አስቀመጠ። «እማዬ አትፈልግም» አለ።

«አንተስ?»

ቀና ብሎ አያት። እስካሁን ይህን የጠየቀው ሰው አልነበረም።

«እኔማ ተልባ ሰልችቶኛል» ሲላት ሁለቱም ሳቁ። ሳቁ ሲያልፍ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ከጠየቀችሽ ይዘሻት ነይ። አንቺ ግን እንዳትነግሪያት። የራሴን ጉዳይ ራሴ ነኝ የምነግራት።»

ዓርብ በእረፍት ሰዓት ጠባቧ የሚኒ ሚዲያ ክፍል እንደ ምድጃ ግላለች። ሚስጥር መግቢያውን አንብባ ማይኩን ሰጠቻት። ሚሪያም የፊልሙን ታሪክ ተረከች፣ ተዋንያኑን አደነቀች፣ የሚስጥርን ቀልዶች አንድ በአንድ አነበበች። ከውጭ ሳቅ ይሰማል። መዝጊያው ላይ ስትደርስ ወረቀቱን አስቀመጠችው።

«ፊልሙ ያስደነግጣል» አለች። «መጨረሻው ግን አልተመቸኝም። ሰውዬው እንቅልፍ አጣ፣ መድኃኒት ወሰደ። ለምን እንደገደለ ግን መርማሪው አልጠየቀም፣ ደራሲውም አልጠየቀም። እኔም በፊት እንዲህ ዓይነት ፊልም ሳይ አልጠይቅም ነበር። የታመመው ሰው ሁሌ ገዳይ ከሆነ፣ ፊልሙን ቁጭ ብለን ማየት ለምን አስፈለገን? ከአስር አምስት ሰጥቼዋለሁ።»

አንድ ልጅ ከሩቅ «ቀልዱስ?» ብሎ ጮኸ፤ ሌሎችም ተከትለው አጉረመረሙ። ሚስጥር ማይኩን ነጥቃ ዘፈን ከፈተችበት።

«ሼም አስያዝሽኝ» አለች ውጭ ሲወጡ። ዓይኖቿ ቀልተዋል። «አላነብም ማለት ትችዪ ነበር እኮ።»

«ልክ ነሽ። ቀድሜ ልነግርሽ ይገባ ነበር፤ ይቅርታ።»

«ለመሆኑ ለማን ነው እንዲህ የምትቆረቆሪው? ሰውዬው ዘመድሽ ነው?»

«ዝም ብዬ ነው» ማለት ይበቃ ነበር። ሚስጥር ቂም አትይዝም፤ ሰኞ ሲደርስ ትረሳዋለች።

«ከትምህርት በኋላ እኛ ቤት እንሂድ» አለች ሚሪያም። «ዕዝራ ሊያናግርሽ ይፈልጋል።»

«ዕዝራ? እኔን?»

«አዎ። ራሱ ይንገርሽ።»

ከትምህርት በኋላ ሚስጥር እንዳኮረፈች አብረው ሄዱ። በሩ ጋ ሲደርሱ ከውስጥ የወይዘሮ ጽጌረዳ ድምፅ ተሰማ፤ ዛሬ ከሥራ ቀደም ብላ ገብታለች። ዕዝራ ከተመለሰ ወዲህ እሷ ባለችበት እንግዳ ከሳሎኑ አልፎ አያውቅም። ሚሪያም እጇ መዝጊያው ላይ ቀረ።

ሚስጥር ፊቷን አየች። «ካልተመቸ ሌላ ቀን እመጣለሁ፣ ችግር የለም» አለቻት። ኩርፊያዋ ጠፍቷል።

«አይ፣ ዛሬ ይሻላል።»

በሩን ገፋ አድርጋ ሚስጥርን አስቀደመቻት።

«እማዬ!» ብላ ተጣራች። «እኔና ሚስጥር ነን። የመጣነው ዕዝራ ጋ ነው።»